የጽጌረዳዋ እናት ማን ናት?

አያቴ ቀጋን «አበባ» ብላ ጠርታው አታውቅም። ለእሷ ቀጋ አጥር ነው፤ ጥጃ እንዳይገባ፣ ጅብ እንዳያልፍ፣ የጎረቤት ልጅ ጎመኑን እንዳይረግጥ የሚጠብቅ እሾህ። እኛ የልጅ ልጆቿ ደግሞ ፍሬውን እናውቀው ነበር። ቀላ ሲል ለቅመን፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ጸጉራም ዘር በጥፍራችን ጠርገን፣ ሥጋውን ብቻ እንበላለን። ሳይጠርግ የጎረሰ ጉሮሮውን ሲያሳክከው ይውላል። አበባውን ልብ ብሎ ያየ ግን አልነበረም። ነጭ ነው፤ አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ አለው፤ ሽታው ግን ገና ከሩቅ አጥሩ ጋ መድረሳችሁን ይነግራችኋል።

ያ አጥር ጽጌረዳ መሆኑን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። «ጽጌረዳ የሚመስል» አይደለም። «የጽጌረዳ የሩቅ ዘመድ»ም አይደለም። ራሷ ጽጌረዳ ናት። የሳይንስ ስሟ ሮዛ አቢሲኒካ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1820 በመጽሐፉ ያተመው ጆን ሊንድሊ የሚባል፣ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ሃያዎቹን ገና የጀመረ እንግሊዛዊ ነበር። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ አጠገቧ ኖራ «እሾህ» አለቻት፤ እሱ ለንደን ቁጭ ብሎ «ጽጌረዳ» አላት። አያቴን አልወቅሳትም። የምወቅሰው ሁለቱንም ስም ሰምቶ ዝም ያለውን ትውልድ ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

የአክስቴ ልጅ ባቱ፣ ድሮ ዝዋይ በምንላት ከተማ፣ ግሪንሃውስ ውስጥ ጽጌረዳ ትቆርጣለች። ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፤ ረጅም ግንድ፣ ድፍን እምቡጥ። በየመደቡ ራስ ላይ የዝርያው ስም ተጽፏል፤ ስሙ የፈረንጅ ነው። አበባ አምራቹ ለእነዚህ ዝርያዎች ባለቤቶች፣ ማለትም ውጭ አገር ላሉ አዳቃዮች፣ የባለመብትነት ክፍያ ይከፍላል። አበባው በሌሊት ቀዝቅዞ፣ በቦሌ በኩል በሮ፣ አብዛኛው ኔዘርላንድስ ይወርዳል። አንድ ቀን የቀጋ ፎቶ ልኬላት «ይቺም እኮ ጽጌረዳ ናት» ብላት በድምፅ መልእክት ሳቀችብኝ። «ኧረ ተው! ይቺ እኮ የእማማ አጥር ናት!»

ንዴቴ እዚህ ጋ ይጀምራል። ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ትልቋ አበባ ላኪ አገር ነን። በዓለም ገበያ ላይ ስማችን ከጽጌረዳ ጋር ይጠራል። አጥራችን ላይ የበቀለችውን ጽጌረዳ ግን «ከየት መጣሽ? እናትሽ ማን ናት? ልጆችሽስ የት ደረሱ?» ብለን በወጉ አልጠየቅናትም። መጠየቂያው አለ፤ ክሎሮፕላስት ይባላል። የጎደለው መሣሪያ አይደለም። የጎደለው አክብሮት ነው።

በእናት የሚቆጥር መዝገብ

ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው ሕዋሶቹ ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ስላሉ ነው። የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ምግብ የሚያበስሉት እነሱ ናቸው። ይኼን ሁላችንም ተምረን፣ ተፈትነን፣ ረስተነዋል። ብዙዎቻችን ያልተነገረን ነገር ግን አለ፦ ክሎሮፕላስት የራሱ ዲኤንኤ አለው። ምክንያቱም በጥንት ዘመን ራሱን ችሎ የሚኖር ባክቴሪያ ነበር። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት ሌላ ሕዋስ ዋጠው፤ ዋጠው እንጂ አልፈጨውም። እንግዳው ቤተኛ ሆኖ ቀረ። ከድሮ ቤቱ ይዞት የመጣውን መዝገብ አብዛኛውን ለባለቤቱ አስረከበ፤ ትንሹን ግን እስከ ዛሬ እጁ ላይ ይዞታል።

በጽጌረዳ ውስጥ ይህ መዝገብ 157,000 ገደማ ፊደል ነው፤ ዙሪያውን የገጠመ ቀለበት። የሕዋሱ ዋና መዝገብ፣ ኒውክለስ ውስጥ ያለው፣ በቻይናዋ ጽጌረዳ ከ500 ሚሊዮን ፊደል ይበልጣል። ስለዚህ ክሎሮፕላስቱን ማንበብ ከትልቅ ቤተ መጻሕፍት አንዲት ቀጭን ደብተር እንደ ማውጣት ነው። በዚያ ላይ ደብተሯ በብዙ ቅጂ ትገኛለች፤ በአንድ የቅጠል ሕዋስ ውስጥ ብዙ ክሎሮፕላስት አለ፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ብዙ ቅጂ። ለዚህ ነው ከደረቀ ቅጠል፣ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ብዙ ዘመን ከኖረ ናሙና ሳይቀር፣ ብዙ ጊዜ ማንበብ የሚቻለው። የመጀመሪያዎቹ ሙሉ የክሎሮፕላስት ጂኖሞች የተነበቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓን ውስጥ ነበር፤ አንዷ ትንባሆ ነበረች። ያኔ የብዙ ሰው የብዙ ጊዜ ድካም ነበር። ዛሬ አንድ የማስተርስ ተማሪ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው። በአብዛኞቹ አበባ አውጪ ዕፅዋት ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የአባትየው ብናኝ የኒውክለሱን ድርሻ ያደርሳል፤ አረንጓዴዎቹን ቅንጣቶች የምትሰጠው ግን ፍሬውን የያዘችው እናት ናት። እኛ ስማችንን በአባት እንቆጥራለን፦ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ። ጽጌረዳ ቅጠሏ ውስጥ የያዘችው መዝገብ በተቃራኒው ነው፦ እገሊት የእገሊት ልጅ፣ የእገሊት የልጅ ልጅ፣ ያለ ማቋረጥ፣ እስከ መጀመሪያዋ ድረስ።

ዝምድናው ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ብራና ገልባጭ አስቡ። አንድ ደብተራ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ይስታል። ከእሱ ቅጂ የገለበጡ ሁሉ ያችን ስሕተት ይዘው ይሄዳሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ በሁለት ገዳማት የተገኙ ሁለት መጻሕፍት አንድ ቦታ ላይ ያችኑ ስሕተት ቢይዙ ከአንድ እናት ቅጂ መውረዳቸውን እንጠረጥራለን፤ አምስትና ስድስት ቦታ ላይ ከሆነማ ጥርጣሬው ያበቃል። የክሎሮፕላስት ንባብም ይኸው ነው። 157,000 ፊደል ጎን ለጎን ይደረደራል፤ የጋራ ስሕተቶቹ ይቆጠራሉ፤ ከዚያ የዘር ግንዱ ይሳላል። ብራና ሲገለብጥ የኖረ አገር ልጅ ይህን ሳይንስ «የፈረንጅ ነገር» ማለቱ ሁሌ ይገርመኛል።

የደማስቆዋ ጽጌረዳ ጉዳይ

«እሺ፣ እናቷ ብትታወቅ ምን ይለወጣል?» ለሚለኝ ሰው አንድ እውነተኛ ታሪክ አለኝ።

የደማስቆ ጽጌረዳ የሚሏት አለች፤ ቡልጋሪያ፣ ቱርክና ኢራን ውስጥ የጽጌረዳ ዘይት የሚጨመቅባት። ሽቶ ውስጥ «ጽጌረዳ» ብለን የምናሸታት ብዙ ጊዜ እሷን ነው። ወላጆቿ እነማን ናቸው? ቻርልስ ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ የጽጌረዳ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1941 መልስ ሰጠ። የበጋዋ ደማስቆ የሮዛ ጋሊካና የሮዛ ፎኒሺያ ልጅ ናት፤ ደግማ በመኸር የምታብበው ደግሞ የሮዛ ጋሊካና የሮዛ ሞስካታ ልጅ ናት አለ። ሰውዬው ተራ ሰው አልነበረም፤ መልክ አይቶ፣ ታሪክ አገላብጦ፣ ክሮሞዞም ቆጥሮ ነው የተናገረው። ከዚያ በኋላ የታተመ የጽጌረዳ መጽሐፍ ሁሉ ቃሉን ተቀብሎ ደገመው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ዲኤንኤዋን ጠየቋት። መልሱ ሌላ ሆነ። የበጋዋም የመኸሯም ትውልዳቸው አንድ ነው። ወላጆቿ ደግሞ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው፤ መጀመሪያ ሞስካታና ጋሊካ ተዳቀሉ፣ ልጃቸው ደግሞ ከመካከለኛው እስያዋ ሮዛ ፌድትሼንኮአና ጋር ተዳቀለች። ፌድትሼንኮአናን ኸርስት ለደማስቆ ወላጅነት አላሰባትም ነበር። ፎኒሺያ ከቤተሰቡ ወጣች። እናትየዋን የለየው ምን መሰላችሁ? የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ። እናት ሞስካታ ናት አለ፣ አበቃ። ስልሳ ዓመት ገደማ የቆየ የሊቅ ቃል በአንዲት የዲኤንኤ ቁራጭ ተሻረ።

ሮዛ ሞስካታ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። የዕፅዋት ሊቃውንት ጽጌረዳዎችን በየቤታቸው ሲመድቡ፣ አበባቸው መሐል ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች ተጠጋግተው እንደ አንድ ምሰሶ የሚቆሙትን ለብቻ መደቧቸው። ሞስካታ ከዚያ ቤት ናት። የአያቴ አጥር፣ ቀጋም፣ ከዚያው ቤት ናት። በዓለም ሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ያለችው ጽጌረዳ እናቷ የቀጋ ዘመድ ናት ማለት ነው። ይኼን ለአያቴ ብነግራት «እና ጅቡን ከልክሎልሃል?» ትለኝ ነበር። አዎ እማማ፣ ከልክሏል።

ቅድስቲቱ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ትግራይ ውስጥ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የምትተከል ሌላ ጽጌረዳ አለች፤ አበባዋ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ እንደ ቀጋ በነጠላ የምታብብ። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ አገራችን ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ «ሮዛ ሳንክታ» አላት፤ ቅድስት ጽጌረዳ። መጽሐፉ በአብዛኛው የቆመው ካርተን ዲዮንና ፔቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሰብስበው በላኩት ናሙና ላይ ነው። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም፤ እዚሁ ሞቱ። በኋላ «ሳንክታ» የሚለው ስም ቀድሞ ለሌላ ጽጌረዳ ተሰጥቶ ስለነበር ተነሥቶ ሮዛ ሪቻርዲ ተባለች፤ በሪሻር ስም መሆኑ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግቢዋ ጽጌረዳ ዛሬ በሳይንስ መዝገብ ላይ የፈረንሳዊ ስም ይዛ ትኖራለች።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሊንደርስ ፔትሪ ግብፅ ፋዩም ውስጥ ሐዋራ በሚባል ስፍራ የሮማውያን ዘመን መቃብሮችን ሲቆፍር ከሙታን ጋር የተቀበረ የአበባ ጉንጉን አገኘ፤ ውስጡ የደረቀ ጽጌረዳ ነበረበት። የቤልጅየሙ የጽጌረዳ ሊቅ ፍራንስዋ ክሬፓን አይቶ ከእኛዋ ቅድስት ጽጌረዳ ጋር አመሳሰላት። አስቡት፤ የትግራይ ቤተ ክርስቲያን ግቢና የፋዩም መቃብር በአንዲት አበባ ተያያዙ።

እናቷ ማን ናት? ያው ኸርስት መልስ አለው፦ ጋሊካና ፎኒሺያ። ፎኒሺያ የሶርያና የሊባኖስ አካባቢ ጽጌረዳ ናት፤ ስለዚህ አንድ ቆንጆ ግምት ተከተለ፤ ፍሬምናጦስ፣ የእኛ አባ ሰላማ፣ ከጢሮስ ይዟት መጣ የሚል። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ከወላጆቿ አንዷ ቀጋ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ፤ ጋሊካና አቢሲኒካ። በመልክ ብቻ የተፈረደ ክርክር ነው። በዚያው ሊቅ፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዘዴ ስለ ደማስቆ የተሰጠው ፍርድ ምን እንደሆነ ደግሞ አይተናል።

ክሎሮፕላስቷ ይጠየቅ። ከሦስት መልሶች አንዱን ትሰጣለች። የፎኒሺያን መዝገብ ከያዘች፣ እናቷ ከባሕር ማዶ ናት፤ ኸርስት ቢያንስ በእናት በኩል ረታ። የቀጋን መዝገብ ከያዘች፣ እናቷ ከአጥራችን ዘመዶች ናት፤ የጢሮሱ ታሪክ እንደገና መጻፍ አለበት። የጋሊካን ከያዘች ደግሞ እናትየዋ ታወቀች እንጂ አባትየው አልታወቀም፤ ወደ ትልቁ መዝገብ፣ ወደ ኒውክለሱ፣ መግባት ግድ ይሆናል። ፎኒሺያና ቀጋ የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ሊያምታታቸው ይችላል። ሙሉ ክሎሮፕላስት ማንበብ ትርፍ ሥራ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ተቀራራቢ እኅትማማቾችን ለመለየት ብዙ ፊደል ያስፈልጋል።

«ዳቦ ሳይኖር አበባ?»

ይኼን ጥያቄ የሰማሁት በአንድ ስብሰባ ላይ ነው፤ ከሚከበር ሰው አፍ። «ልጄ፣ ስንዴ ላይ ሥራ። የተራበ ሕዝብ የአበባ ዘር ግንድ አይበላም።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ልመልስ።

አንደኛ፣ የአክስቴ ልጅ ዳቦ የምትገዛው በአበባ ነው። ባቱ፣ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቆቃ ያሉ የአበባ እርሻዎች ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ዳቦ የሚገዙት በአበባ ነው። አበባ ለዚህ አገር ጌጥ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል። ስለ ጽጌረዳ ማወቅ ቅንጦት ከሆነ፣ ስለ ቡና ማወቅም ቅንጦት ነው።

ሁለተኛ፣ ዓለም የሚሸጠው ጽጌረዳ ሁሉ ትርፉን ያገኘው በአንድ ወቅት የሰው አጥር ላይ፣ የሰው ጓሮ ውስጥ ከነበረ ተክል ነው። የድሮዎቹ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በዓመት አንዴ ብቻ ያብቡ ነበር። ደጋግሞ ማበብን ያመጡት የቻይና ጽጌረዳዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1792 እስከ 1824 ባሉት ዓመታት አራት የታወቁ ዝርያዎች እንግሊዝ ገቡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣችው ላ ፍራንስ የምትባለው ዝነኛ ድቅል ጭምር፣ የእነዚያ ደም አለበት። ግሪንሃውሱ ዓመቱን ሙሉ የሚቆረጠው፣ የአክስቴ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያላት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው የቻይናዎችን የጓሮ አበባ «ምን ይሆን?» ብሎ ስለጠየቀ ነው።

ቀጋ ድንጋያማ ደጋ ላይ፣ ያለ መድኃኒት ርጭት፣ ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ አጠጪ ይኖራል። ከእሱ ምን እንደሚገኝ የሚያውቅ የጠየቀ ብቻ ነው። አዳቃይ ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ የሚያስፈልገው የዘመድ ካርታ ነው፦ ማን ከማን ይዳቀላል፣ የትኛዋ እናት ትሁን፣ የደቡቡና የሰሜኑ ቀጋ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ። ያ ካርታ ሳይኖር ስለ «የራሳችን ዝርያ» መፈክር ማሰማት ጆሮ ማደንቆር ነው።

«የኛ ናት፣ አለቀ»

ሌላኛው ወገን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይኼን ጽሑፍ አንብቦ ሳይጨርስ ቲክቶክ ላይ «ጽጌረዳ የተገኘችው ከኢትዮጵያ ነው! ዓለም ደብቆን ነው!» ብሎ የሚለቅ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ እባካችሁ።

አብዛኞቹ የጽጌረዳ ዝርያዎች ያሉት እስያ ነው፤ በተለይ ቻይና። ቀጋ ደግሞ እኛ ጋ ብቻ የምትገኝ አይደለችም፤ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ሳዑዲ ተራሮች ላይ አለች። በስሟ «አቢሲኒካ» መባሏ የልደት ሰርተፍኬት አይደለም። ምናልባት ከዓረብ ምድር ወደዚህ ተሻገረች፣ ምናልባት ከዚህ ወደዚያ። የሁለቱን ዳርቻ ክሎሮፕላስት ጎን ለጎን ማንበብ ስለ መንገዱ ፍንጭ ይሰጣል። መልሱ «ከየመን መጣች» ቢሆን እንቀየማለን? የምንቀየም ከሆነ ባንጠይቅ ይሻላል፤ ሳይንስ ለሚያባብል ሰው አትሆንም።

ደግሞም «ዘር» የሚለው ቃል በዚህ አገር ምን እንደሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ግልጽ ልሁን። ክሎሮፕላስት የሚናገረው ስለ አንዲት መስመር ብቻ ነው፤ ስለ እናት እናት እናት። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥሩ የቅድመ አያቶች ቦታ 1,024 ነው። ክሎሮፕላስት ከእነዚያ ውስጥ ስለ አንዷ ብቻ ይመሰክራል። ስለ 1,023ቱ ዝም ይላል። ጽጌረዳዎች ደግሞ ድንበር አያውቁም፤ አንዳንዴ የጎረቤት ዝርያ ክሎሮፕላስት በመዳቀል ገብቶ ይቀርና፣ ተክሉ በመልኩ አንዱን፣ በመዝገቡ ሌላውን ይመስላል። «የክሎሮፕላስቱ ዛፍ እንዲህ አለ» ብሎ ስለ ሙሉ ማንነት የሚፈርድ ተመራማሪም፣ በአንድ የአያት ስም ሰውን የሚመድብ ፖለቲከኛም አንድ ዓይነት ስሕተት ነው የሚሠሩት።

የአትክልት ስፍራ ጽጌረዳዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ድቅል ናቸው። በሰፈር አማርኛ «ዲቃላ»፤ ስድብ አድርገነዋል። የደማስቆዋ ዲቃላ ናት፣ ላ ፍራንስ ዲቃላ ናት፣ ካህናት ግቢያቸው ውስጥ የተከሏት ቅድስቲቱም ድቅል ናት ይባላል። የእናቷን ስም የምንፈልገው ንጽሕናዋን ለማስመስከር አይደለም። መንገዷን ለማወቅ ነው።

«ይሰርቁናል»

ሦስተኛው ተቃውሞ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱን አልንቀውም። የጤፍን ጉዳይ አንረሳም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ተሰጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «ፈጠራ የለበትም» ብሎ እስኪሽረው ድረስ። የተቃጠለ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ግን መደበቅ መፍትሔ ሆኖ አያውቅም። ሕጉን ተመልከቱ። በ1998 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። አንዱ አዋጅ ቁጥር 481/1998፣ የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚጠብቅ ነው፤ በኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ቀጣዩ 482/1998 ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ። አንዱ ግሪንሃውሱን ይመስላል፣ አንዱ አጥሩን። የመጀመሪያው እንዲሠራ ግፊት የሚያደርጉ ባለገንዘቦች አሉት። ሁለተኛው ያለን እኛ ብቻ ነን። ሕግ ደግሞ የሚጠብቀው የታወቀውን፣ የተመዘገበውን ነው። ቀጋ ስንት ዓይነት እንደሆነች፣ የት የት እንዳለች፣ ማኅበረሰቡ ለምን እንደሚጠቀምባት ሳንመዘግብ «ተሰረቅን» ብንል ዳኛው «ምን ጠፋባችሁ?» ይለናል። መልስ የለንም። ያልቆጠረ ከብቱን ጅብ እንደበላበት እንኳ አያውቅም።

አንድ ቅጠል አገር አይሆንም

ታዲያ ምን ይደረግ? ቅድሚያ አንድ ነገር እንዳይደረግ እለምናለሁ። አንዱ መጥቶ ከአንድ መንገድ ዳር አንድ ቅጠል ቀጥፎ፣ 157,000 ፊደል አንብቦ፣ አንድ ዛፍ ስሎ፣ አራት ገጽ አሳትሞ «የቀጋ ነገር ተጠናቀቀ» እንዳይለን። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ በዓለም ላይ ሞልቷል። ንባቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ ቅጠል አገር አይሆንም።

ከሰሜን ተራሮች፣ ከባሌ፣ ከጉራጌ፣ ከሸዋ ደጋ፣ ከትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ፣ ከየቦታው ይለቀም። ለእያንዳንዱ ቅጠል ቅርንጫፉ ከነአበባው ደርቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይቀመጥ፤ ነገ የሚጠራጠር ሰው ከፍቶ እንዲያይ። የአካባቢው ስም በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ። የአጥሩ ባለቤት ይጠየቅ፤ ፈቃዱም ዕውቀቱም ይመዝገብ። ክሎሮፕላስቱ ይነበብ፣ ከዚያ ኒውክለሱ ይከተል።

«አንችልም» አትበሉኝ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን የዘረዘረው «ፍሎራ» እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል፤ አብዮትም ጦርነትም ረሃብም መንግሥት መለወጥም አላስቆመውም። እነዚያ ሰዎች በእጅ አጉሊ መነጽርና በብርሃን እጦት ውስጥ ሠርተውታል። እኛ ስልክ የሚያህል ዲኤንኤ ማንበቢያ በወጣበት ዘመን «መሣሪያ የለንም» እንላለን።

ባለፈው ጥቅምት፣ በጽጌ ሰሞን፣ አያቴ ቤት ሄድኩ። አያቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አጥሩ ግማሹ ተነቅሎ በቆርቆሮ ተተክቷል። ቆርቆሮው ያምራል፤ አክስቴ ደስ ብሏታል፤ ልወቅሳት አልችልም። ከቀረው ግማሽ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ቅጠሎቹን ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሰበሰብኳቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ማሰሮ ውስጥ ከደንኳቸው፤ ቅጠል በእርጥበት እንዳይበሰብስ፣ ዲኤንኤውም እንዳይጠፋ። አክስቴ ከበር ላይ ሆና ታየኛለች።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ እሾህ ምን ልትሠራ ነው?»

«እናቷን ልጠይቅላት ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሱንማ እማማን ብትጠይቃት ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አርፍደናል። ግማሹ አጥር ግን ገና አለ።